ለእራት የትኛውን ቀይ ወይን ልውሰድ? አራት የፈረንሳይ ቀዮች ጎን ለጎን

ለገና አክስቴ ቤት ተጠርቼ ነበር። ባዶ እጅ አይኬድም። ሱፐርማርኬት ገባሁና ትልቅ ሻቶ፣ ማለትም የባላባት ግንብ፣ የተሳለበትን ቀይ ወይን አነሳሁ። 23 ዩሮ ነው። ወርቃማ ሜዳሊያ ተለጥፎበታል፣ ጠርሙሱ ይከብዳል፣ ስሙም ረጅም ነው። ዶሮ ወጡ ቀረበ፣ ወይኑ ተቀዳ። አክስቴ አንዴ ጎንጨት አደረገችና ፊቷን አጨማደደች።

"ምላሴን ያዘው እኮ፤ ያልበሰለ ሙዝ የበላሁ ነው የመሰለኝ።"

ሌላው ሰው ለጨዋነት ዝም አለ። ከበርበሬው ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጭራሽ ጉሮሮ ማቃጠል ጀመረ። ማታ ስነሳ ጠርሙሱ ከግማሽ በላይ ነበር። አንዱ የአክስቴ ልጅ ኮካ ሲቀላቅልበት አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ወይኑ መጥፎ አልነበረም። ያለ ቦታው ነው የገባው። ሜዶክ ከሚባለው የቦርዶ ክፍል የመጣ፣ ካበርኔ ሶቪኞን የሚባል የወይን ዘር የበዛበት፣ ገና የሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ጥቂት ዓመታት ጓዳ ውስጥ ተኝቶ መለስለስ ሲገባው እኔ ከዶሮ ወጥ ጋር አጋፈጥኩት። መኖሪያዬ ሊዮን ነው። ከቤቴ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ለዚያ ማዕድ የተፈጠረ የሚመስል ወይን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ያናደደኝም እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወዳጅ ዘመድ "የማያስቸግር ቀይ ንገረን" ሲለኝ አራት ቦታዎችን አነጻጽራለሁ፦ ቦዦሌ፣ ኮት ዱ ሮን፣ ሺኖንና ቦርዶ። አራቱም ጋ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱትን እርሻ እየኮተኮቱ፣ ራሳቸው ጠምቀው ራሳቸው የሚያሽጉ ቤተሰቦች አሉ። አራቱም ጋ ከ8 እስከ 20 ዩሮ ጥሩ ነገር ይገኛል። ጣዕማቸው ግን ለየቅል ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። "የማያስቸግር" ማለት "ጣፋጭ" ማለት አይደለም። የአራቱም ቦታ ቀይ ወይን ስኳሩ ተብላልቶ ያለቀ ነው። አክሱማይት ለለመደ ሰው የመጀመሪያው ጉንጭ ጎምዘዝ ማለቱ አይቀርም። የማያስቸግር የምለው ምላስ የማያደርቅ፣ ፍሬው ቶሎ የሚሸት፣ ዓመታት ሳይጠብቁ ተገዝቶ የዚያኑ ቀን የሚከፈተውን ነው።

መጀመሪያ ማን እንደጠመቀው እዩ

ከቦታውም ከወይኑ ዘርም በፊት፣ ጠርሙሱ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን መስመር ፈልጉ። ፈረንሳይ ውስጥ ወይን ጠማቂው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ራሱ ተክሎ፣ ራሱ ለቅሞ፣ ራሱ ጠምቆ የሚያሽገው ገበሬ ነው። ሁለተኛው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ ገበሬዎች ፍሬያቸውን ያስረክቡና ማኅበሩ በጋራ ይጠምቃል። ሦስተኛው ኔጎሲያን የሚሉት ነጋዴ ነው። ፍሬ ወይም ያለቀለት ወይን ከብዙ ሰው ገዝቶ፣ ቀላቅሎ በራሱ ስም ያወጣል።

"ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ዶሜን" የሚል ካነበባችሁ እዚያው እርሻው ላይ ታሽጓል ማለት ነው። "ኦ ሻቶ"ም እንደዚያው ነው፤ ግን እሷ ላይ ትንሽ ጠንቀቅ በሉ። ሻቶ ሲባል ግንብና ማማ ይታየናል። ሕጉ ግን ሕንፃ አይጠይቅም። ፍሬው ከዚያ እርሻ መምጣቱን ነው የሚጠይቀው። ማኅበሩም የአንዱን አባል ፍሬ ለይቶ ጠምቆ በሻቶ ስም ማውጣት ይችላል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የተሳለው ግንብ ለዓይን ነው፤ ብዙ አይነግራችሁም።

ከዚህ የተሻሉ ሁለት ምልክቶች አሉ። ቡሹን በሸፈነው ቆብ አናት ላይ ብዙ ጊዜ የማሪያን ምስል ይታተማል። ያቺ ቆብ የደፋችው፣ የፈረንሳይ ሪፐብሊክ ምልክት የሆነችው ሴት ናት። አጠገቧ ኤር (R) የምትባለዋ የላቲን ፊደል ካለች ፍሬውን ያለማው ወገን ነው፤ ገበሬው ራሱ ወይም የገበሬዎቹ ማኅበር። ኤን (N) ካለች ነጋዴ ነው። ሁሉም ጠርሙስ ላይ አይገኝም፤ ካገኛችሁት ግን ከሜዳሊያው ይበልጣል። ሁለተኛው ምልክት በርሜል ትከሻው ላይ ተሸክሞ የሚራመድ ሰው ሥዕል ነው። "ቪኜሮን አንዴፓንዳን" የሚባለው የነፃ ወይን ጠማቂዎች ማኅበር አርማ ነው። አባላቱ የራሳቸውን እርሻ የሚያለሙ፣ ራሳቸው የሚጠምቁና የሚያሽጉ ናቸው።

ታዲያ "የቤተሰብ ወይን" የሚለው ቃል ብቻውን ለምን አይበቃም? መልሱ ከእኛው አገር አለላችሁ። ዝዋይ ላይ ሪፍት ቫሊና አካሺያን የሚጠምቀው ካስቴል የቤተሰብ ድርጅት ነው። ወንድሞችና እህቶች ሆነው በ1949 ቦርዶ ውስጥ ያቋቋሙት ነው። ጊዮርጊስ ቢራንም የያዘው እሱ ነው። ዛሬ በፈረንሳይ ወይን ንግድ ከግዙፎቹ ተርታ ይቆጠራል፤ በርካሽ መደርደሪያ ላይ የምታዩት ሮሽ ማዜና ባሮን ደ ሌስታክም የእሱ ናቸው። ቤተሰብ ነው? አዎ ነው። ግን ወይን ቀማሹ "የቤተሰብ እርሻ" ሲል የሚያስበው ሌላ ነው፤ ቅርንጫፉን የገረዘው ሰው ራሱ በርሜሉን የሚቀምስበትን ቦታ ነው። ጥያቄው እንግዲህ "የማን ንብረት ነው?" ሳይሆን "ፍሬው ከለቃሚው እጅ እስከ ቡሹ ስንት ሰው ጋ ተዘዋወረ?" ነው።

ቦዦሌ፦ አድልቻለሁ፣ አውቃለሁ

ሊዮን ውስጥ "ከተማችን ሦስት ወንዞች አሏት፤ ሮን፣ ሶንና ቦዦሌ" ይላሉ። ቡሾን በሚባሉት የሰፈር ምግብ ቤቶች ወይኑ የሚቀርበው 46 ሳንቲ ሊትር በምትይዝ፣ ቂጧ በወፈረ ጠርሙስ ነው። ማንም ብርጭቆውን አዙሮ አሽትቶ አይፈላሰፍም። ይቀዳል፣ ይጠጣል፣ ወሬው ይቀጥላል።

የቦዦሌ ቀይ የሚሠራው ጋሜ ከሚባል ወይን ነው። ጋሜ በታሪኩ ብዙ ስድብ ጠጥቷል። በ1395 የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ "ከዳተኛ ተክል" ብሎ ከግዛቱ እንዲነቀል አዘዘ። ብዙ ያፈራል፣ ቶሎ ይደርሳል፣ የተከበረውን ፒኖ ኗርን ይሻማል ነው ነገሩ። የተሰደደው ጋሜ ትንሽ ወደ ደቡብ ወርዶ የቦዦሌ ግራናይት ኮረብታዎች ላይ ሥር ሰደደ። ተስማማው።

አጠማመቁን ማወቅ ለምርጫ ይረዳል። ብዙ ቦታ ፍሬው ከዘለላው ተፈልፍሎ፣ ተጨፍልቆ ነው የሚብላላው። ቦዦሌ ውስጥ ግን ዘለላው እንዳለ ጋን ውስጥ ይገባል። ከታች ያለው በራሱ ክብደት ተጨፍልቆ መብላላት ይጀምራል። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋኑን ይሞላዋል። ኦክስጅን ያጣው የላይኛው ፍሬ ደግሞ ልጣጩ ሳይቀደድ ከውስጥ መብላላት ይጀምራል። ምላስ የሚይዘው ነገር ታኒን ይባላል። የሚወጣው ከልጣጩ፣ ከዘሩና ከእንጨቱ ነው። በዚህ መንገድ ትንሽ ብቻ ይወጣል፤ የፍሬው ሽታ ግን ይበረክታል። እንጆሪ፣ ቼሪ፣ አንዳንዴም አበባ አበባ ይላል። አክስቴን ያስቀየማት ነገር እዚህ ከሞላ ጎደል የለም።

ብዙ ሰው ቦዦሌን የሚያውቀው በኅዳር በሚወጣው "ኑቮ" ነው። በየዓመቱ በኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ፣ ከለቀማው ሁለት ወር ገደማ በኋላ ይሸጣል። እሱ ለድግስ ነው። ሙዝና ከረሜላ ከረሜላ የሚሸት ብዙ አለበት፤ እኔ በዓመት አንድ ብርጭቆ ይበቃኛል። ኑቮን ቀምሶ "ቦዦሌን አውቀዋለሁ" ማለት የጠላ ቂጣ ቀምሶ ስለ ጠላ እንደማውራት ነው።

የምትፈልጉት ከላይ ያሉትን ነው። ተራው ቦዦሌ አለ፣ ከፍ ሲል ቦዦሌ ቪላዥ፣ ከዚያ በላይ ክሩ የሚባሉት 10 ቦታዎች፦ ሳንታሙር፣ ዡልዬና፣ ሼና፣ ሙላን አ ቫን፣ ፍለሪ፣ ሺሩብል፣ ሞርጎን፣ ሬኜ፣ ብሩዪና ኮት ደ ብሩዪ። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ክሩዎቹ ጠርሙሳቸው ላይ "ቦዦሌ" የሚለውን ስም ብዙ ጊዜ አይጽፉም። ስለዚህ የቦታዎቹን ስም ስልካችሁ ላይ ያዙ። ለጀማሪ ፍለሪንና ብሩዪን እመርጣለሁ፤ ለስላሳ ናቸው። ሞርጎንና ሙላን አ ቫን ጠንከር ይላሉ፣ ዓመታትም ይችላሉ። ሞርጎን ቆይቶ ሲበስል የቡርጎኝን ፒኖ ኗር መምሰል ይጀምራል፤ ለዚህ ጠባዩ የአካባቢው ሰው "ሞርጎኔ" የሚል ግስ አለው። ማርሴል ላፒየር እዚያው ሞርጎን ውስጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ብዙ ኬሚካል የማይነካው ወይን ይጠምቅ ነበር፤ በ2010 ሲሞት ልጆቹ ተረከቡት። ስሙ ስለገነነ ዋጋው ከፍ ብሏል፤ የጎረቤቶቹን ግን በ14 ዩሮ ታገኛላችሁ።

አንድ ቤተሰብ በቅርብ እንይ። ከሊዮን በሰሜን በኩል ሞን ብሩዪ የሚባል ለብቻው የቆመ ተራራ አለ፤ ከ480 ሜትር በላይ ነው። አናቱ ላይ ትንሽ ቤተ ጸሎት አለች። ሻጋታ የወይኑን ተክል ሲጨርስ ሕዝቡ ለእመቤታችን ተስሎ ያሠራት ናት፤ "የወይን ዘለላዎቹ እመቤታችን" ትባላለች። በየዓመቱ በሴፕቴምበር እስከዛሬ ይሳለሟታል። ተዳፋቱ ላይ ሻቶ ቲቫን ይገኛል። የዦፍሯ ቤተሰብ በ1877 ገዝቶት ትውልድ ለትውልድ ሲያስተላልፈው ኖሯል። አፈሩ የቦዦሌ የተለመደው ሮዝ ግራናይት አይደለም። ሰማያዊ መልክ ያለው፣ ስለት ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ስትረግጡት ይንኳኳል። ጎተራው በተዳፋቱ ልክ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ነው። ፍሬው ከላይ ይገባና በራሱ ክብደት ወደታች ይወርዳል፤ የሚገፋ ፓምፕ አያስፈልግም። "ሌ ሴት ቪኝ" የሚለው የኮት ደ ብሩዪ ወይናቸው የሰባት ማሳዎች ቅልቅል ነው። ፍሬ አለው፣ ትንሽ ድንጋይ ድንጋይ የሚል መጨረሻ አለው። ዶሮ ወጥ ይችላል። ሞክሬዋለሁ።

ቦዦሌን በክፍሉ ሙቀት አታቅርቡት። ፍሪጅ ውስጥ 30 ወይም 40 ደቂቃ ይቀመጥ፤ 13 ወይም 14 ዲግሪ ላይ ነው የሚያምርበት። ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም የሚሉ አሉ። ለሌሎቹ ይሁንላቸው፣ ለጋሜ አይሠራም።

ኮት ዱ ሮን፦ ለጥብስ፣ ለብርድ፣ ለብዙ ሰው

ከሊዮን ወደ ደቡብ ሮንን ተከትላችሁ ስትወርዱ ሁለት ነገር ይለወጣል። ፀሐዩ ይበረታል፣ ሚስትራል የሚባል ነፋስም ከሰሜን ይነፍሳል። ደመናውን ጠርጎ፣ ፍሬውን አድርቆ ከሻጋታ ይጠብቀዋል። በደቡቡ ሮን ዋናው ወይን ግረናሽ ነው፤ ሲራና ሙርቬድር ይቀላቀሉበታል። ግረናሽ ፀሐይ ሲያገኝ ስኳሩ ይከማቻል፤ ስኳሩ ደግሞ ሲብላላ አልኮል ይሆናል። ስለዚህ 14 ወይም 14.5 ከመቶ የሚል ጠርሙስ ብታዩ አትገረሙ።

ጣዕሙ ሞቅ ያለ ነው። የበሰለ ፕለም፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ደረቅ ቅጠላ ቅጠል። ታኒኑ ከቦዦሌ ይበልጣል፣ ግን ክብ ነው፤ ጥርስ ላይ አይጣበቅም። ዋጋው ከአራቱ ሁሉ ይረክሳል ብል አልሳሳትም። ከ7 እስከ 12 ዩሮ ደህና ነገር አለ። "ቪላዥ" የሚል ሲጨመርበት ወይም የመንደር ስም ሲከተለው አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ኬራን የምትባለው መንደር በ2016 ራሷን የቻለች ክሩ ሆነች፤ የእሷን ብታገኙ አትለፉ።

እዚህ ቦታ ስለ ነጋዴ ያልኩት ይፈተናል። የፔራን ቤተሰብ ሻቶ ደ ቦካስቴል የሚባለውን ስመ ጥር እርሻ ከ1909 ጀምሮ ይዟል። ይኸው ቤተሰብ "ላ ቪዬይ ፌርም" የሚል፣ ዶሮዎች የተሳሉበት ርካሽ ወይን ያወጣል፤ ፍሬው ግን በአብዛኛው ከሌሎች ገበሬዎች የሚገዛ ነው። በ1946 አምፑዊ ላይ የተመሠረተው የጊጋል ቤተሰብም እንዲሁ፣ ኮት ዱ ሮን ቀዩን የሚሠራው ከሌሎች በሚገዛው ነው። ሲራ ይበዛበታል፤ የትም ብትገዙት ያው ነው፣ አያሳፍርም። ነጋዴ መሆን ነውር አይደለም ማለቴ ነው። ጥሩ ነጋዴ ከሰነፍ ገበሬ ይሻላል። ልዩነቱ፣ የነጋዴው ወይን በየዓመቱ ተመሳሳይ እንዲሆን ይፈለጋል። የገበሬው ግን ዓመቱን ይመስላል። 2021 በፈረንሳይ የሚያዝያ ውርጭ የመታበት፣ ቀዝቃዛ ዓመት ነበር፤ ወይኑም ቀለል አለ። 2022 ሙቀትና ድርቅ ነበር፤ ወይኑ ወፈረ። እኔ ይህን ለውጥ እወደዋለሁ። እናታችሁ ያንኑ ጣዕም ካልሆነ የማይጥማት ከሆነ ግን ጊጋልን ግዙላት።

የት አይሆንም? ቃሪያና በርበሬ የበረታበት ወጥ ላይ። ከፍ ያለ አልኮል ቃጠሎውን ያባብሰዋል፤ አፋችሁ እሳት ይሆናል። ለጥብስ፣ ለተጠበሰ በግ፣ ለበረዶ ወራት ግን ይሄ ነው ወይኑ። 20 ሰው ለጠራ ሰውም ኪሱን አይጎዳውም።

ሺኖን፦ ቃሪያ የሚሸተው

ከአራቱ አስቸጋሪው ምክር ይሄ ነው። የሚወደው በጣም ይወደዋል፣ የማይወደው ደግሞ አንድ ብርጭቆ አይጨርስም።

ሺኖን ሎዋር ሸለቆ ውስጥ፣ ቪየን ወንዝ ዳር ናት። ቀዩ የሚሠራው ከካበርኔ ፍራን ነው። የታወቀው ካበርኔ ሶቪኞን ልጁ ነው። ካበርኔ ፍራን ከነጩ ሶቪኞን ጋር ሜዳ ላይ ተዳቅሎ እንደተወለደ ተመራማሪዎች በ1997 በዘር ምርመራ አረጋገጡ። ልጁ ዓለምን ዞረ፣ አባትየው ሎዋርን ቤቱ አደረገ።

ሽታው እንጆሪና የእርሳስ ፍቅፋቂ ነው፤ ከሥሩ አረንጓዴ ነገር አለ። ፈረንጆቹ ፔፐር ይሉታል። እኔ በቀጥታ ቃሪያ እለዋለሁ። በቀዝቃዛ ዓመት ቃሪያው ይጎላል፣ በሞቃት ዓመት ይሸሻል። ያለ ቃሪያ ስንግ ምግብ የማይጥማችሁ ከሆናችሁ ምናልባት የእናንተ ወይን ይሄ ነው። ከጎመን፣ ከሽሮ፣ ከምስር ጋር ከአራቱም የተሻለ የሚሄድ እሱ ነው፤ አትክልቱን አይጫነውም።

ልብ በሉ፣ ሺኖን ሁለት ዓይነት ነው። ከወንዙ ዳር ጠጠርና አሸዋ ላይ የበቀለው ቀላል ነው፤ ወዲያው ይጠጣል። ከኮረብታው የኖራ ድንጋይ ላይ የበቀለው ጠንካራ ነው፤ መተኛት ይፈልጋል። ጠርሙሱ ይህን ላይነግራችሁ ይችላል። ስለዚህ ከሻጩ ጠይቁ፦ "ቀለል ያለውን፣ ቶሎ የሚጠጣውን ስጠኝ" በሉት። የቦድሪ ቤተሰብ "ሌ ግራንዥ" የሚለው ቀላሉን ዓይነት ከሚወክሉት ነው። ዋጋ ከ10 እስከ 16 ዩሮ። ይህንንም ትንሽ ቀዝቀዝ አድርጉት።

ቦርዶ፦ ስሙ ሳይሆን ወንዙ

ቦርዶን አሳጥሬ አልፋለሁ፤ አክስቴ ቤት የደረሰብኝን ሰምታችኋል። ስህተቴ ግን ቦርዶ መግዛቴ አልነበረም። ቦርዶን ለሁለት ከሚከፍለው ወንዝ ግራውን መግዛቴ ነበር። ከውሃው በስተግራ፣ ሜዶክ በኩል፣ ካበርኔ ሶቪኞን ይነግሣል፤ ያ ጠንካራው ነው። በስተቀኝ ሜርሎ ይበዛል፤ ለስላሳ፣ ፕለም ፕለም የሚል ነው። ፍሮንሳክና ካስቲዮን የሚሉትን ስሞች ፈልጉ። የስመ ጥሩው የሴንት ኤሚሊዮን ወይን ቦታ ጎረቤት ናቸው፤ ዋጋቸው ግን የሠራተኛ ዋጋ ነው።

በ1855 ለፓሪስ ዐውደ ርዕይ የወጣው የሻቶዎች ደረጃ ምደባ ዛሬም ይጠቀሳል። ከ15 ዩሮ በታች የሚገዛን ሰው ግን አይመለከተውም። የሚመለከተው ሌላ ነው። ተራው ቦርዶ ዛሬ የሚገዛው አጥቶ ተቸግሯል። ከ2023 ጀምሮ ገበሬዎች ካሳ እየተከፈላቸው ተክላቸውን እየነቀሉ ነው። አንዳንድ ጠንካራ ሠራተኛ ቤተሰቦች ወይናቸውን በ9 ዩሮ እየሰጡ ያሉትም ለዚህ ነው። ለገዢ ጥሩ ጊዜ ነው። ለሻጩ ያሳዝናል።

ቦርዶ ከገዛችሁ ቢያንስ አራት ዓመት የሞላውን ምረጡ። ሥጋ ይፈልጋል፤ ስቴክ፣ የበግ ጎድን፣ ቅባት ያለው ነገር። ቅባቱና ሥጋው ታኒኑን ያለሰልሱታል። ለፆም ማዕድ አታቅርቡት።

እሺ፣ ታዲያ ለማን የቱ?

ወይን ለማይወድ ሰው ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ፦ ፍለሪ ወይም ብሩዪ፣ ቀዝቀዝ ብሎ። ለዶሮ ወጥ፣ ለቀይ ወጥ፣ በርበሬ ላለበት ማንኛውም ነገር ያው ቦዦሌ፤ ታኒኑ ትንሽ፣ ቅዝቃዜው አፍን የሚያበርድ። ክትፎም ላይ ያው። ለጥብስና ለብዙ እንግዳ ኮት ዱ ሮን። ለፆም ምግብ ሺኖን፤ ካህኑ ካላዩ ማለት ነው። ለአለቃ ስጦታ? እሱ ላይ ቦርዶ ያሸንፋል፤ አለቃ ስም ይወዳል። የወንዙን ቀኝ ግዙለት እንጂ።

15 ዩሮ ይዤ አንድ ጠርሙስ ብቻ ምረጥ ብባል፣ በርሜል የተሸከመው ሰውዬ ያለበትን የቦዦሌ ክሩ እወስዳለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በ15 ዩሮ ቦርዶ ውስጥ የምትገዙት ከመካከለኛው መደብ ነው። በቡርጎኝ ፒኖ ኗር 15 ዩሮ በር አያስከፍትም። ቦዦሌ ውስጥ ግን በዚያ ዋጋ ከጫፉ ብዙም ያልራቀ ነገር እጃችሁ ይገባል።

ፈረንሳይ ወይም አቅራቢያዋ ያላችሁ ሰዎች፣ ሱፐርማርኬቱን ትታችሁ አንድ ጊዜ የነፃ ጠማቂዎቹን ባዛር ሂዱ። ሊዮን በመኸር፣ ፓሪስ ደግሞ በኖቬምበር መጨረሻ ይካሄዳል። በር ላይ ብርጭቆ ይሰጧችኋል። ሰው ሁሉ የሻንጣ ጋሪ እየጎተተ ነው የሚዞረው፤ መጀመሪያ ሳይ አውቶቡስ ተራ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ከጠረጴዛው ጀርባ የሚቆመው ራሱ ገበሬው ነው፤ ካልሆነም ሚስቱ ወይ ልጁ። ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁረት ማን እንደሠራው ይነግራችኋል። "ይሄ አሁን ይጠጣል ወይስ ይቆያል?" በሉት። እውነቱን ይነግራችኋል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንድትመለሱ ይፈልጋልና። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ የመትፊያ ባልዲ አለ። ነውር መስሏችሁ እንደ እኔ ሁሉንም አትዋጡ። አሥረኛው ጠረጴዛ ላይ የሁሉም ወይን ግሩም ሆነብኝ፤ 18 ጠርሙስ ገዝቼ ነው የወጣሁት።

ከፍታችሁ የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ አስገቡት፤ ቀዩንም ቢሆን። ኮት ዱ ሮን ሦስት ቀን ይቆያል። ጋሜ በሁለተኛው ቀን ፍሬው መሸሽ ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን ጥብሱ ሊወርድ ሲል ግማሽ ብርጭቆ ጠብ አድርጉበት።